ከአምባው ውረድ

ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ ለሻለቃ ይልቃል፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የአምባው ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔ በመድኃኔዓለም ቸርነት ደህና ነኝ፤ ሰውነቴን ማለቴ ነው። ሆዴ ግን ከእሑድ ጀምሮ ይነዳል፤ ያነደድከውም አንተ ነህ።

እዚህ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የማጠናው ስለ አንድ የጥንት ወታደር መሆኑን ነግሬህ ነበር። ጊልበርት ይባላል፤ ከአራት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በስኮትላንድ ምሽጎችና መድፎች ላይ የተሾመ ሰው ነው። ንጉሡ ሕፃን ስለነበር መኳንንቱ ለሁለት ተከፍለው ይፋጁ ነበር። ጊልበርትም ተወልዶ ያደገባትን የወደብ ከተማ በመድፍ እንዲመታ ታዘዘ። እህቱ ልጆቿን ይዛ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ተሸሽጋ ነበር። «እኔ የመድፎቹ ጠባቂ ነኝ፤ ጠቡ የጌቶች ነው» አለና ተኮሰ። ጣራው ተደርምሶ እህቱን ከነልጆቿ ቀበራቸው። ብዙም ሳይቆይ መኳንንቱ ታርቀው በአንድ ማዕድ በሉ። እሱን ግን «ከተማዪቱን ማን አፍርስ አለህ?» ብለው ሹመቱን ገፈፉት። ሲሞት የሚቀብረው ዘመድ አላገኘም።

እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ በባቡር ወደ ቤቴ ስመለስ እማዬ ደወለች። «ወንድምሽን ከጡረታ ጠርተው ከከተማው በላይ ባለው አምባ የመድፎቹ አዛዥ አደረጉት» አለችኝ። ወዲያው ላንተ ደወልኩ። ምን አልከኝ? «እኔ መድፎቹን እጠብቃለሁ እንጂ ተኩስ የሚለው ሌላ ነው» አልከኝ። የተሳፈረው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ጮህኩብህ። አንተም «በሰላም አገር ተቀምጠሽ ምን ታውቂያለሽ?» ብለህ ዘጋህብኝ።

አዎ፣ በሰላም አገር ተቀምጫለሁ። የመድፎቹ አፍ ወዴት እንደዞረ ግን አውቃለሁ። ከአምባው ሥር ገበያው አለ፤ ከገበያው ጀርባ የእማዬ ቤት አለ። ነገ ጠላት ገበያው ውስጥ ገባ ቢሉህ ምን ልታደርግ ነው? ሹሞቹ እንደሆነ አንድ ቀን ትልቅ ሆቴል ገብተው ይጨባበጣሉ። እናታችንን ማን ይመልስልናል?

ትናንት እማዬን አክስታችን ቆንጂት ዘንድ እንድትሄድ ለመንኳት። «ልጄ ያለበትን አምባ ሸሽቼ የት እሄዳለሁ? እሱ ከላይ እያለ ማን ይነካኛል?» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ በንዴት አለቀስኩ። እሷ እኮ ደህና እንቅልፍ የምትተኛው አንተን አምና ነው።

ጋሼ፣ ሹመቱን መልስላቸው። አርጅቻለሁ በል፤ ዓይኔ አያይም በል። ፈሪ ቢሉህም ይበሉህ፤ ፈሪ ለእናቱ ሲባል አልሰማህም? እምቢ ካልክ ደግሞ ራስህ ወርደህ ፊቷ ቁምና «ከዚህ ቤት ውጪ፤ የምመታሽ እኔ ልሆን እችላለሁ» በላት። እኔ ይህን አልነግራትም።

ለባለቤትህ ለሠርካለም ናፍቆቴ ይድረሳት። ልጅህን ፍቅርዬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ ለአክስቴ ለቆንጂትም እጅ ነሥቻለሁ። ያንተን ሰላምታ ግን ይዤዋለሁ፤ የምሰጥህ ከአምባው የወረድክ ለት ነው።

እህትህ ማኅደር
ኦስሎ፣ ሞርተንሩድ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.