ደረቱ የኔ ነው

ሰኞ

ደብቀውኛል። ልጄም ወንድሜም። የአዲስ አበባዋ ሐኪም ያለችውን የልቡ ባለቤት እኔ ዛሬ ከከድር አፍ ሰማሁ።

ከድር የመስቃን በርበሬ ነጋዴ ነው፤ የተዋወቅነው ቡታጅራ የስኳር ሕመምተኞች ወረፋ ላይ ነው። ሊጠይቀኝ መጣ፤ በር ላይ ከልጄ ጋር ሲያወሩ ነበር። ገና ሳይቀመጥ፣ «አልሐምዱሊላህ! እንኳን ደረትህን መክፈቱ ቀረ!» አለ። «የምን ደረት?» አልኩት። ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ልጄን ሰላምን ጠራኋት። አለቀሰች፣ ከዚያ ተናገረች። ባለፈው ወር ልቤ ድንገት የጣለኝ ሦስት ደም ሥሮች ጠበው ነው። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ፣ በእጅ አንጓ በኩል ገብተው የጠበበውን በትንሽ የሽቦ ቱቦ መክፈት። ሌላው፣ ደረት ከፍተው፣ ከእግር ደም ሥር ወስደው፣ በተዘጋው ጎን አዲስ መተላለፊያ መሥራት። እነሱ ቱቦውን መርጠዋል። የፊታችን ሰኞ «ለምርመራ» የምሄደው ለዚያ ኖሯል!

ማክሰኞ

ታላቅ ወንድሜ ጋሽ ተክሌ ከወልቂጤ መጣ። ሰላም ደውላለት ነው።

«ልብህ እንዳይደነግጥ ብለን ነው» አለ።

«ልቤማ ቀድሞ ደንግጧል ጋሼ። ለዚህ አይደል የተኛሁት?»

«የእግርህ ቁስል ለመዳን ስንት ወር ፈጀ? እሷ ያቃተችህ ሰው ደረትህ ተከፍቶ እንዴት ይገጥማል?»

እውነቱን ነው። ግን ደረቱ የኔ ነው፣ የሚጠየቀውም እኔ ነኝ አልኩት።

«አንተ ከልጅነትህ በቅሎ ነህ!» ብሎ ምሳውን በላ።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ለመጸለይ ተንበርክኬ ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ።

እኔስ? የሰላም እናት ዘነበች ስትታመም ሐኪሙ ኮሪደር ላይ የነገረኝን ለሷ ነገርኳት? «ጨጓራ ነው» አልኳት። ከጋሽ ተክሌ ጋር ሆነን ወሰንንላት። አንድ ቀን እጄን ይዛ፣ «እውነቱን ንገረኝ፣ ለልጄ የምለው አለኝ» አለችኝ። «ትድኛለሽ» አልኩ። የምትለውን ሳትል ሄደች። ሚስቴ ነበረች፤ እንደ ልጅ ሸነገልኳት።

ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ። በኔ ላይ ግን አይደገምም።

ሐሙስ

ጥያቄዎቼን በአናጺ እርሳሴ ጣውላ ቁራጭ ላይ ጻፍኩ። ሰላም ለሐኪሟ ደወለችልኝ።

የቱ ይበረክታል? የቱ ቶሎ ይገድላል? ቁስሉ ይድናል? መላጊያ መቼ እይዛለሁ?

ሐኪሟ፣ «አባት፣ ቤተሰብዎ እንዳይነገርዎ ለምነውኝ ነው እንጂ ይህን ከርስዎ ጋር ነበር መነጋገር የነበረብኝ» አለች። ሳትቸኩል አስረዳችኝ። ስኳር ያለበት ሰው እንደኔ ሦስቱም ሲጠብ፣ ቀዶ ጥገናው ብዙ ጊዜ ለረጅሙ ይሻላል፤ ቱቦ ያስገባ ሰው ደግሞ ልቡ እንደገና ሊያመው፣ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ግን ቀዶ ጥገናው ቀላል አይደለም፤ እዚያው የሚሞት አለ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የሚረጋበት አለ። ቁስሉም እንዳያመረቅዝ ስኳሩ አስቀድሞ መውረድ አለበት። ከባድ ነገር ለሦስት ወር አላነሳም።

«አንተ» ሳትለኝ፣ ሳትዋሸኝ ጨረሰች። አመሰገንኳት።

ዓርብ

የምሠራቸው የቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ወንበሮች ግማሽ ላይ ቆመዋል። ሦስት ወር! መላጊያውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ስኳሬን ለካሁ፤ ከትናንት ወርዷል። ከድር የላከውን ማር ለጎረቤት ሰጠሁ። ምን ነክቶት ነው ለኔ ማር የሚልከው? ራሱስ ይበላል ማለት ነው?

እሑድ

ከአምልኮ መልስ ሁለቱንም አስቀምጬ ነገርኳቸው። የመረጥኩት ቀዶ ጥገናው ነው።

ጋሽ ተክሌ፣ «ቤተ ዘመድ ሳይመክርበት?» አለ።

«መክሯል። እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።»

ሰላም፣ «አባዬ፣ ብትሞትስ?» አለች።

«ብሞት ተጠይቄ ሞትኩ።»

ከዚያ የእናቷን ነገር ነገርኳት፤ ጨጓራውን፣ ውሸቱን። ሳታየኝ ተነስታ ሻንጣዬን አወረደች፤ ሸሚዞቼን አጣጥፋ ስትጨርስ፣ «ነገ ስትፈርም አጠገብህ እሆናለሁ» አለች። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም።

ጋሽ ተክሌም አብሬ እሄዳለሁ ብሏል። እስካሁን ግን አኩርፏል።

ጌታ ሆይ፣ እፈራለሁ። ግን የምፈራውን አውቀዋለሁ።