አዲስ ተብሎ የመጣው ኖክ ሴንሰር

ጅግጅጋ፣ ኅዳር 2007 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? የድሬ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ጉልበትሽንስ ሻል አለሽ? ትንሿ ልጅሽ ትምህርት ቤት ገባች ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ሳሚልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ልቤ ግን ደህና አይደለም። በስልክ ብነግርሽ በወደድኩ፤ በደወልኩ ቁጥር የሚያነሳው ባልሽ ነው፣ የእሱን ድምፅ መስማት ደግሞ ይቀፈኛል። ስለዚህ ይህን ወረቀት በአንቺ እጅ ብቻ እንዲሰጥ የሚኒባሱን ሾፌር አደራ ብዬዋለሁ።

ዐብዲከሪምን ታስታውሺዋለሽ፤ ከጋራዤ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጠው፣ ባለፈው ስትመጪ ድሪያ የሸለመሽ ሰውዬ። ሚስቱ ዒፍራህ ከስንት ዓመት ደጅ ጥናት በኋላ አረገዘች። እሱም ደስታው ቢያሰክረው ከወዲያ ማዶ በቶጎ ውጫሌ በኩል የገባች ነጭ መኪና ገዛ። ልጄን በሰው መኪና አላመጣም አለ።

መስከረም ላይ መኪናዋን ይዞልኝ መጣ። ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች፣ ዳገት ስታይ ግን ትንፋሽ ያጥራታል፤ የሞተሩ መብራትም በርቶ አይጠፋም። እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሌሎች ጋራዦች ካንዴላውን ቀይረውለታል፣ የቤንዚን ፓምፑን ቀይረውለታል፣ ያልፈቱት የለም። በኮምፒውተር ሳየው ኖክ ሴንሰሩ ነው አለኝ። ቤትሽ የመለዋወጫ ሱቅ ነውና ስሙን ሳትሰሚው አትቀሪም። ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ሲቀጣጠል ሞተሩ ውስጥ ኳ ኳ የሚል ድምፅ አለ፤ ሴንሰሩ ያንን ሰምቶ ለመኪናው ኮምፒውተር ይናገራል፣ ኮምፒውተሩም እሳቱን ያዘገየዋል። ሴንሰሩ ሲደነቁር ኮምፒውተሩ ሞተሩ እንዳይጎዳ ብሎ ጉልበቱን ይይዘዋል። እዚህ በጀሪካን የሚሸጠው ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ ሞተሩን ሲያንኳኳው ነው የሚውለው።

ኮምፒውተር ስላለኝ ብቻ ዕቃ አልቀይርም፤ ሽቦው ተቆርጦም ያው ምልክት ይመጣል። የዚህች መኪና ሴንሰር ያለው ለሞተሩ አየር ከሚያስገባው ከማኒፎልዱ ሥር ነው፣ የሞተሩን ግማሽ ካላወረድሽ አይታይም። አውርጄ ሳየው አይጥ ጎጆ ሠርቶበታል። የጫት ገረባ፣ የተበጣጠሰ ፌስታል፣ በጠጥ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ሞተሩ የቀቀላቸው ግልገል አይጦች ከብረቱ ጋር ተጣብቀው። ሽታው ምሳዬን አስመለሰኝ። ጠርጌ፣ አጥቤ ሽቦውን በቴስተር ለካሁት፤ ደህና ነው። ሴንሰሩን አጠገቡ በመዶሻ እጀታ መታ መታ ባደርገው ምንም አይናገርም። የሞተው እሱ ራሱ ነበር።

ያኔ ነው ለባልሽ የደወልኩት። አዲስ አለኝ፣ ኦሪጅናል ነው፣ ከነማሸጊያው ነው ብሎ በልጆቻችሁ ማለልኝ። ዕቃው መጣ። አሰርኩት፣ መብራቱ ጠፋ፣ ከተማውን ዞርኩባት፣ እንደ ጥይት ሄደች። ለዐብዲከሪም አዲስ ነው ብዬ አስረከብኩት። ቃሉ ከእኔ አፍ ነው የወጣው።

ጥቅምት ላይ ዒፍራህ ጊዜዋ ሳይደርስ ደም ፈሰሳት። እዚህ አይሆንም፣ ሐረር ውሰዳት አሉት ሐኪሞቹ፤ አምቡላንስ ደግሞ በሰዓቱ አልተገኘም። እሱም መኪና አለኝ ብሎ ከኋላ አስተኝቷት ተነሳ። ካራማራ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲግል መብራቱ በራ፣ ጉልበቷ ከዳ። ይረግጣል፣ አትሄድም፤ በአንደኛ ማርሽ እንደ ኤሊ ተጎተተችና ጨርሳ ቆመች። መንገድ ላይ ወጥቶ እጁን ሲያወናጭፍ ያዩት መኪኖች አለፉት። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሞ ዒፍራህን ጋቢና ውስጥ አስገባት። ሐረር አልደረሱም። ባቢሌ ጤና ጣቢያ ወለደች። እሷ ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር፣ አላለቀሰም።

ዐብዲከሪም ከቀብሩ በኋላ መኪናዋን አስጎትቶ ደጄ አቆማት። ይጮኽብኛል፣ ይመታኛል ብዬ ነበር፤ በመታኝና በወጣልኝ። ጎማ ላይ ቁጭ አለና ቀስ ብሎ፣ ወላል፣ ወንድሜ፣ አዲስ ነው ብለኸኝ ነበር እኮ፣ አለኝ።

እዚያው እያየኝ እንደገና ፈታሁት። ሴንሰሩን አውጥቼ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ሳሸው ቀለሙ አውራ ጣቴ ላይ ቀረ። ከቀለሙ ሥር ዝገት። ከዝገቱ ሥር ስንጥቅ፣ ስንጥቁ ላይ ሙጫ። ከየትኛው የወደቀ መኪና ላይ እንደተነቀለ እግዚአብሔር ይወቅ። ሲቀዘቅዝ ይሠራል፣ ሲግል ስንጥቁ ይከፈትና ይደነቁራል። አይጦቹን ሳይ እንዳስመለሰኝ ትዝ አለኝ። አይጥስ አይጥ ነው፣ ሙቀት ፈልጎ ነው የገባው።

ለባልሽ ደወልኩለት። ሳቀ። ዕቃ ነው ይበላሻል፣ ሌላ እልክልሃለሁ፣ ይህን ያህል ምን አስጮኸህ አለኝ። የልጁን ነገር ነገርኩት። ምን እንዳለ ልንገርሽ? እነሱ እንደሆኑ በየዓመቱ ይወልዳሉ፣ አለኝ። ስልኩን ዘጋሁትና እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም። አንቱ እያልኩ ያከበርኩት ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ያ አንቱታ ምላሴ ላይ አልመጣ አለ።

ሐሰት ላይ ሐሰት መደረብ ስላልሆነልኝ ዐብዲከሪም ቤት ሄጄ ሁሉን ነገርኩት፤ ዕቃው ከማን ቤት እንደመጣ፣ ሰውየው የእህቴ ባል እንደሆነ። አንተ አልሠራኸውም፣ አለኝና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ዒፍራህ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታ ትሰማን ኖሯል። ያ የሸጠው ሰው ልጆች አሉት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አሉት አልኳት።

መኪናዋን ሸጦ ሊገላገላት ነበር፤ እንዲህ ሆና ለሌላ ሰው አትሸጥም አልኩት። ከተገለበጠች መኪና ላይ አሮጌ ሴንሰር አገኘሁ፤ አሮጌ ነው ብዬ፣ አሮጌነቱን አሳይቼው። እንደ ሞተሩ እስኪግል አሙቄ፣ እያንኳኳሁ፣ ሲናገር በቴስተር እያየሁ ፈተንኩትና አሰርኩት። ከዚያ ሁለታችን ተሳፍረን ካራማራን ወጣን። ያለ ምንም ችግር ወጣች። እሱ አላመሰገነኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። አናቱ ላይ አስቆመኝና ወርዶ ሰገደ። እኔ መሪውን ይዤ የባቢሌን መንገድ ቁልቁል ሳይ ቆየሁ፤ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

ከባልሽ ሱቅ ሁለተኛ ዕቃ አልወስድም። እዚህ ላሉት መካኒኮች ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ይህን ልትነግሪው ትችያለሽ።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልነገርኩም። ከካራማራ ስመለስ ሴንሰሩ የመጣበትን ሣጥን ከመደርደሪያው ላይ አንስቼ አየሁት። አሮጌ ሣጥን ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ እንደገና በዱቄት ሙጫ ተለጥፏል፣ ዳር ዳሩ በጣት ተስተካክሎ፣ አንድ ቦታ እንኳ ሳይዛነፍ። አፍንጫዬ ድረስ አስጠጋሁት። ቅርንፉድ ይሸታል። እማዬ ደብተራችንን ስትለብድልን በረሮ እንዳይበላው ብላ ሙጫው ውስጥ ቅርንፉድ ትጨምር ነበር፤ ከእሷ ቤት ሌላ ይህን የሚያደርግ ሰው እኔ አልገጠመኝም። ሣጥኑን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

ምንም አልጠየቅኩሽም፣ እህቴ። መልስም አትጻፊልኝ። ከጓሮ ያለችውን ክፍል አስጠርጌ ኖራ አስቀብቻታለሁ፤ በሯም መቀርቀሪያ አላት። ልጆቹን ይዘሽ ነይ፤ ማንንም ሳታስፈቅጂ ነይ። እዚህ ዐብዲከሪም ሱቅ ፊት ለፊት ስታልፊ ግን ቆም ብለሽ ዒፍራህን ሳትጠይቂያት እንዳታልፊ።

እግዚአብሔር ልጆችሽን በጤና ያሳድግልሽ። ቤትሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ። የእማዬን ነፍስ ይማር፤ እሷ ያስተማረቻትን ያቺን እጅሽን ለበጎ ሥራ ያውልልሽ።

ሁልጊዜም የሚወድሽ
ታናሽ ወንድምሽ