የእታለም ማሽን እስኪናገር

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ዳኜ፣ ዛሬም የእታለምን ማሽን፣ ኮምፒውተሯን፣ ከፈትኩት። የተጨረመተውን ጎኑን በመዶሻ አቃናሁት። አንተ ብታየው “ተወው፣ ጠባሳ ወንድ ያደርጋል” ትለኛለህ። በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ የገባውን ደም በጥርስ ብሩሽ ጠርጌያለሁ። ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ሲሞቅ ይሸታል። እታለምም ሸቷታል።

ቫይረሱ አለ። ፈረንጁ አሁንም ይንተባተባል። (ፈረንጁ ያልከው አንተ ነህ፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን በእንግሊዝኛ እያነበበ ለእታለም የሚነግራትን ድምፅ።) አንድ ቃል ይጀምርና መሃል ላይ ይታነቃል። እሷ ጣቶቿን ኦባንግ በሰጣት ኪቦርድ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ዓይን የለኝም ብላ አታለቅስም። ፈረንጁ ሲታነቅ ግን ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል።

የትኛውን ፕሮግራም ልትጭንላት ነበር? ከጓደኛህ ከኦባንግ ቤት ስትወጣ ሲዲ ኪስህ ከተሃል፤ አይቻለሁ። ሆስፒታል ልብስህን ሲሰጡን ሲዲው ዱቄት ሆኗል። ስሙ አይነበብም። ኦባንግም አያውቅም፤ ከሳጥኑ ራስህ መርጠህ ነው የወሰድከው። ንገረኝ እንጂ። ኢታንግ ያለው የእርዳታ ድርጅት በዚህ ወር መጨረሻ ጸሐፊ ይፈልጋል፤ የሚናገር ማሽን ይዛ ከመጣች ሥራው የእታለም ነው። ካልመጣች የሌላ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

እታለም ከሞተ ሰው ጋር ማውራት ተው አለችኝ። ሳነበንብ ሰምታኛለች። ስለዚህ፣ አንተ ደብተር፣ ከዛሬ ጀምሮ ላንተ ነው የምጽፈው። አንተ ምንም አታውቅም። ልንገርህ።

ታላቅ ወንድሜ ዳኛቸው ኮምፒውተር ይጠግናል። ይጠግን ነበር። አባታችን አስተማሪ ሆኖ እዚህ ጋምቤላ መጥቶ እዚሁ ተቀበረ፤ እናታችንም። እኔንና ዓይነ ስውር እህታችንን እታለምን ያሳደገን ዳኜ ነው። እሱ በሞተበት ሳምንት ከአንዱ የክልሉ ጽ/ቤት ኮምፒውተር ተሰርቆ ከተማው ሌባ ሌባ ይላል። እኛ የእታለምን ሲፒዩ ኦባንግ ቤት አስመርምረን እንመለሳለን። መሸት ብሏል። ዳኜ አቧራ እንዳይገባው በአንሶላ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አድርጎታል። እኔ ኪቦርዱን ይዤ ከኋላ።

የሰፈራችን ባለሱቅ ጋሽ ተካ ከደጃፉ ብድግ አለ። “ያዘው! ሌባ!”

የራሳችን ነው አልኩ። ጮህኩ። የመጀመሪያው ድንጋይ የተካ ነው፤ ዳኜን ጆሮው ላይ አገኘው። ዳኜ እጁን አላነሳም፤ በሁለት እጁ ማሽኑን ይዟል። ጣለው! ጣለውና ሩጥ! አልኩት። አልጣለም። ከዚያ ዱላ። ከዚያ የሚስማር ጣውላ። አንዱ አንገቴን አንቆ ግድግዳ ላይ ለጠፈኝ፤ ኪቦርዱን ፊቱ ላይ ሰበርኩበት፤ አልለቀቀኝም። የዳኜ ጭንቅላት ሲመታ የሚሰጠውን ድምፅ አውቀዋለሁ። እርጥብ ነው። ሲለቁኝ አንሶላው ቀይ ነበር፤ እሱ ማሽኑን አቅፎ ተኝቷል።

አሁን ይህን ስማ። በማግስቱ የእድራችንን ድንኳን የተከለው ተካ ነው። የአንድ እድር አባል ነን፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። አልቀረም። ምሰሶውን ተሸክሞ ግቢያችን ገባ፣ ገመዱን ወጠረ፣ ውሃ አዞረ። ለእታለም ብርጭቆውን በእጇ አስያዛትና እግዚአብሔር ያጽናሽ አላት። እሷ ይስጥልኝ ጋሽ ተካ አለችው። ድምፁን ታውቀዋለች። እጁን አታየውም።

ፖሊስ መጥቶ ጠየቀ። ሁሉም አንድ ቃል፦ ሰው ብዙ ነበር። እኔ ልናገር ስል እታለም ክንዴን ያዘችው። ማታ ምክንያቷን ነገረችኝ። በየቀኑ በተካ ደጅ በበትር ነው የማልፈው፣ እሱ ያየኛል፣ እኔ አላየውም አለች። ስሙን ለፖሊስ ሳልሰጥ ቀረሁ።

ስለዚህ እቅዴ ይህ ነው። እታለም ኢታንግ ትግባ። እዚያ ተካ የለም። ማሽኗ ያለ እኔ የሚሠራ ይሁን፤ ያለ ማንም። ከዚያ ተካን በገጀራ እገድለዋለሁ። በኋላ ብታሰርም ብሞትም እሷ እንጀራ አላት።

እሑድ፣ መጋቢት 8

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኦባንግ ጋ። ድልድዩ አጠገብ ባለች ቆርቆሮ ቤት ኮምፒውተር ያስተምራል። እሱ መካነ ኢየሱስ ነው፣ ከጸሎት ገና መመለሱ፣ ሸሚዙ ተተኩሷል። ዳኜን ሲያነሳ አማርኛው ይጠፋውና በራሱ ቋንቋ በአኙዋ ይጨርሰዋል። አይገባኝም። ይገባኛልም።

አንድ ሲዲ ሰጠኝ፦ ይሄ ቆንጆ ነው፣ አዲስ አበባ ሁሉም ሰው ይሄን ይጠቀማል። ቫይረስ ይገድላል፣ ዲስክ ያጸዳል፣ ሁሉንም በአንድ ይሠራል።

እውነትም ቆንጆ ነው። መጥረጊያ፣ ጋሻ፣ ቀይ ልብ የሚመስል ሥዕል። ጫንኩት። እታለም ቁጭ አለች። ታብ፣ ወደ ቀጣዩ የሚያሻግረውን ቁልፍ፣ ተጫነች። ፈረንጁ፦ ግራፊክ ሰባ ሁለት። ታብ። ግራፊክ ሰባ ሦስት። ታብ። ግራፊክ ሰባ አራት። የትኛው መጥረጊያው፣ የትኛው ጋሻው እንደሆነ አያውቅም። የሚጫኑት ምልክቶች ሁሉ ሥዕል ናቸው፤ ሥራቸው አልተጻፈባቸውም።

እታለም ሳቀች፤ ከለቅሶው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ዲዳ ያገባሁ መሰለኝ አለች። እኔ አልሳቅኩም። ፕሮግራሙን የሠራውን ሰው ባገኘው ጣቱን አንድ በአንድ እሰብረዋለሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 11

ት/ቤት አልመለስም ይሆናል። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ከኋላዬ ያለው ልጅ ደብተሬን ሳበና ሌባ በዘር ነው አለ። ወንበሩን አንስቼ አፉ ላይ አሳረፍኩት። ሁለት ጥርስ። አንዱን መሬት ላይ አየሁት፤ ትንሽ ነው፣ የሕፃን ይመስላል። አላዘንኩም። መምህሩ ወላጅ አምጣ አለኝ። ከየት?

ቤት ገብቼ ከኦባንግ ሳጥን ያመጣሁትን ሁለተኛ ሲዲ ሞከርኩ። ይህኛው በጽሑፍ ነው፣ ፈረንጁ አነበበው፣ ደስ አለኝ። “የማይጠቅሙ ፋይሎች” ብሎ ረጅም ዝርዝር አወጣ፤ ሁሉም ቀድሞ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ኢንተር ብቻ ነው የሚፈልገው። ማን ያን ሁሉ ያነባል? ኢንተር ተጫንኩ።

ፈረንጁ ግማሽ ቃል ተናገረና ሞተ።

የማይጠቅሙ ካላቸው ውስጥ የሱ ፋይሎች ነበሩበት። እታለም ከጓዳ ምን ሆነ? ለምን ዝም አለ? አለች። እየዳሰሰች መጥታ ስፒከሩን ነካችው፤ ሰው ይተነፍስ እንደሆነ እንደሚያዩት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

ኦባንግ መጣ። ፈረንጁን ከዋናው ሲዲ መልሰን ጫንነው። ሲዲው ከእታለም ፍራሽ ሥር ነው፤ ዳኜ በጨርቅ ሰፍቶላታል።

ኦባንግ ሲሄድ እታለም ተቆጣች። ዳኜ እንዲህ አይሠራም ነበር፣ እሱ ስክሪኑን አጥፍቶ ነው የሚሞክረው፣ በዓይንህ እየመረጥክ ለእኔ እንዴት ይሆናል አለች። አጠፋሁት። ታብ፣ ቀስት፣ ኢንተር። በየት እንደገባሁ ጠፋኝ። ፈረንጁ እንደ እብድ ይለፈልፋል። ቁጭ ብላ ትሰማለች። ዳኜ ቢሆን እኮ አለች በሹክሹክታ።

ሞኒተሩን በእግሬ አልኩት። ከጠረጴዛው ወርዶ እንደ ጥይት ጮኸ። የመስታወቱ ስባሪ ቤቱን ሞላው። እንደገና ረገጥኩት። በባዶ እግሬ። ተካ፣ ተካ፣ ተካ እያልኩ ነበር ይላሉ ጎረቤቶች።

ሲበቃኝ እታለም ካለችበት አልተነሳችም። እግርህ ደምቷል? አለች። አዎ። ከዚያ፦

“ለእኔ ምን አጎደልክብኝ? የአንተን ዓይን ነው የሰበርከው። በል አሁን እንደ እኔ ሥራ።”

እሑድ፣ መጋቢት 15

ስክሪን የለም። ዓይኔን በሻሽ አስራለች፤ ካላሰረችኝ ባዶውን ጠረጴዛ አያለሁ። በጆሮ። በመጀመሪያ ሁሉም ጫጫታ ነው። ከዚያ ቤት ይሆናል፤ በሩ የት እንደሆነ፣ መስኮቱ የት እንደሆነ ታውቃለህ።

አሁን ስለ ፕሮግራም የማውቀውን ልጻፍ፤ ማንም አላስተማረኝም። ቆንጆ ጠላት ነው። ሳይጠየቅ በራሱ የሚነሳ ጠላት ነው፤ ፈረንጁ እያነበበ ሳለ ዘሎ መሃል ይገባና ቃሉን ይቆርጥበታል። “ሁሉንም በአንድ” የሚል ይዋሻል። ዲስክ ለመመርመር ዊንዶውስ ራሱ ያለው ይበቃል፤ ይናገራል፣ አይቸኩልም። ቫይረስ የሚይዝ ብቻ ነው የቀረን።

ኦባንግ ከሳጥኑ ታች አንድ አሮጌ ሲዲ አወጣ። ሊሰጠኝ አፈረ። ይሄ አስቀያሚ ነው፣ ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፣ ማንም አይወስድም። ግን ኮፒ አይደለም፣ ከመጽሔት ጋር የመጣ ነው፣ ንጹሕ ነው አለ።

ሰኞ፣ መጋቢት 16

የአሮጌውን ሲዲ ፕሮግራም ጫንኩና ቫይረስ ያለበት ፍሎፒ ሆን ብዬ አስገባሁ። እታለም ብቻዋን እንድትሠራ። እኔ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት።

ፈረንጁ የፋይሉን ስም አነበበ። ተይዟል፣ ልሰርዝ? አለ። እሷ ባለችበት ቆመች። ኢንተር ብትጫን? ብዬ ጠየቅኩ። “አይ” ላይ ነው ያለው አለች፣ በስህተት ብጫን ምንም አይጠፋም። ድምፅዋ ተለወጠ። ምንቴ፣ አለችኝ፣ ይኼ መጀመሪያ ጣቴን የሚያሳርፈው “አይ” ላይ ነው! አንድ ቀስት ወደ ግራ። “አዎ።” ኢንተር። ተሰርዟል።

ሁለቴ ደገመችው። ከዚያ ተነስታ አቀፈችኝ። ደብተር፣ የማሽኑ ሥራ አልቋል። የቀረኝ ሥራ ያ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

ድርጅቱ እታለምን ቀጠራት፤ ዓርብ ትሄዳለች። የቫይረሱ ፕሮግራም በየጊዜው አዲስ ፋይል ይፈልጋል። በፍሎፒ ወደ ኢታንግ በሚሄድ መኪና ላክላት ብዬ ኦባንግን ለመንኩት። አንተስ? አለ። እኔ ላልኖር እችላለሁ። ትክ ብሎ አየኝ። ወዴት ነው የምትሄደው አንተ ልጅ? አንተ ላክላት ብቻ አልኩት። እሺ እልካለሁ አለ፤ ፊቱ እሺ አላለም።

ገጀራውን ባሮ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ሳልኩት። አንድ ሙዝ ግንድ ሞከርኩ። በአንድ ምት። ግንዱ ውሃ ተፋ። የተካ አንገት ወፍራም ነው፤ ሁለት ምት።

ሲመሽ በደጁ አለፍኩ። ምንተስኖት፣ ደህና ነህ ልጄ፣ እህትህ ሥራ አገኘች አሉ አለኝ። ልጄ! ደህና ነኝ ጋሽ ተካ አልኩ። አንገቱን ነው የማየው።

ዓርብ፣ መጋቢት 20

የድርጅቱ መኪና ወሰዳት። ሲፒዩውን በአንሶላ ልጠቀልል ስል አንሶላ አይሁን አለች። በብርድ ልብስ ጠቀለልነው። ሹፌሩ የሚናገረው እሱ ነው? ይዘፍናል? ብሎ ቀለደ። ሲከፈለው አለችው እታለም።

መኪናው ሊነሳ ሲል ፊቴን በሁለት እጇ ዳሰሰች። ማሽኑን ያለ አንተ እንዲሠራ ለምን እንዲህ ደከምክበት? አለች። እንዳትቸገሪ ነው አልኩ። ጣቶቿ ግንባሬ ላይ ቆዩ። እኔ ያለ ማሽን እኖራለሁ አለች።

ሲመሽ ከድርጅቱ በሬዲዮ መልእክት መጣልኝ፦ ደርሳለች፣ ማሽኑ ተናግሯል፣ ማንም ሳይረዳት አንድ ገጽ ጽፋለች።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 21፣ ጠዋት፣ ፖሊስ ጣቢያ በረንዳ

ብቻዬን ነቃሁ። ቤቱ ውስጥ የሚናገር የለም። ፊቴን ታጠብኩ። የዳኜን ሸሚዝ ለበስኩ፤ ሰፋኝ። ገጀራውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ተካ ሱቁን ከፍቷል። ጀርባውን ሰጥቶ ስኳር ይመዝናል። አንገቱ ላይ ላብ። ከእኔ በአንድ ክንድ ርቀት። ጋዜጣውን ፈታሁት። አንዲት ሴት ሳሙና ልትገዛ ገባችና አየችኝ፤ ሱቅ የሚያግዘውን ልጅ ይሄ የማነው? አለችው። ልጁ፦ “የዚያ ኮምፒውተር ሲሰርቅ የተያዘው ወንድም ነዋ።”

ተካ ዞረ። ገጀራውን አየ። ሚዛኑ ከእጁ ወድቆ ስኳሩ መሬት ላይ ፈሰሰ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ልመታው እጄን አነሳሁ፤ አነሳሁት ደብተር፣ አልዋሽህም። ግን የልጁ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነው። ሲሰርቅ የተያዘው። ይህን ሰው ዛሬ ብገድለው ሟች እሱ ይሆናል። ድንኳን ይተከልለታል፣ ይለቀስለታል፣ ከተማው ስለ እሱና ስለ እኔ ያወራል። ዳኜ ግን ለዘላለም ሲሰርቅ የተያዘው ነው።

“የራሳችን ማሽን ነበር፣” አልኩት። ለልጁ፣ ለሴቲቱ፣ ለሱ። “ለዓይነ ስውር እህቱ። አንተ ነህ የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወርከው፣ ጋሽ ተካ።” ሴቲቱ ሳሙናውን አስቀመጠች። ተካ መደርደሪያውን ይዞ ቁጢጥ አለ።

ወጣሁ። እግሬ ወዴት እንደሚሄድ ያወቅኩት የፖሊስ ጣቢያው በር ጋ ስደርስ ነው። ዘበኛው ብድግ ብሎ ማንን ነው? አለኝ። ምስክር ነኝ አልኩት፤ ወንድሜን የገደሉትን ስም ልሰጥ ነው። እህቴ እዚህ ከተማ የለችም፣ አሁን መናገር እችላለሁ። እጄን እያየ እና ይሄስ? አለ። ገጀራውን ሳላውቀው እዚያ ድረስ ራቁቱን ይዤዋለሁ። ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረ። ንጹሕ ነው። ጠረጴዛው ሥር አስገባውና ተራህን ጠብቅ አለኝ።

የተካን ስም አውቃለሁ። የሚስማር ጣውላውን የያዘውን አውቃለሁ። አንገቴን ያነቀኝን አላውቀውም፤ ጠረኑን ግን አውቃለሁ፣ ይህንንም እላለሁ። ኪቦርዱ ፊቱ ላይ ምልክት ትቶ እንደሆነ ይፈልጉ። ዳኜ እጁን አላነሳም፣ ይህን አስቀድሜ ነው የም

ተጠራሁ።