በምክር ወረቀታችሁ ላይ ሦስተኛ ስለተጻፈው አማቼ

ይድረስ ለፓርቲያችን የአካባቢ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት

ክቡራንና ክቡራት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእናንተ፣ ለቤተሰባችሁና ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ለሚውለው ማባዣ ማሽናችሁ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔም ከሰኞ ወዲህ ምግብ አልዋጥ ከማለቱ በስተቀር፣ ተመስገን፣ ደህና ነኝ።

ለመጪው የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ለማን ድምፅ ብንሰጥ እንደሚበጀን የሚመክረውን ወረቀታችሁን ሰኞ ጠዋት በቤቴ በር ሥር ገብቶ አገኘሁት። በገዛ ራሳችን ከማሰብ ድካም ስለገላገላችሁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አምስቱን ስሞች በየተራ አነበብኩ፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ግን መነጽሬን አውልቄ በሸሚዜ ጫፍ ወልውዬ እንደገና አደረግኩት። ስሙ አልተለወጠም። የእህቴ ባል፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ በሙሉ ፈገግታው ያየኛል። ከሥሩም «የጤና ጣቢያውን ደረጃ የእጅ መደገፊያ ያሠራ የሕዝብ ልጅ» ይላል።

ስለዚህ ጉዳይ የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በታላቅ ትሕትና እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ደረጃው ዘጠና አራት እርከን እንዳለው የማውቀው በአናጺ ሜትሬ አንድ በአንድ ስለለካሁት ነው። ጡረታ የወጡት አዋላጅ ነርስ፣ እህቴንና ግማሹን ሰፈር ያዋለዱት ጎረቤታችን፣ በዝናብ ቀን እዚያ ተንሸራተው ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊርማ ለማሰባሰብ በር ያንኳኳሁ፣ በውሻ የተባረርኩ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ኮሪደር አሥራ አራት ወር «ነገ ተመለስ» የተባልኩም እኔው ነኝ። አማቼ በበኩሉ ሁለት መቶ ሦስተኛው ፈራሚ ሆኖ ታሪክ ሠርቷል፤ የፈረመበትም እስክሪብቶ የእኔ ሲሆን እስካሁን እሱ ዘንድ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ለዘጠኝ ዓመት የፓርቲው አባል ስሆን እሱ ገና ስምንት ወሩ ነው። ማክሰኞ ጽሕፈት ቤታችሁ ብቅ ብዬ ይህንኑ ባስረዳ፣ የተከበሩት ጸሐፊያችሁ የአባላቱን መዝገብ ሳይከፍቱ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ለሥራ ነዎት፤ ፎቶ ላይ ግን ፊትዎ ይከብዳል» አሉኝ። ስለ ግልጽነታቸው አመሰግናለሁ። ቤቴ ገብቼ በመስታወት አየሁት፤ እውነታቸውን ነው፣ ይከብዳል።

ሦስተኛውን ቅሬታ መጻፍ ያሳፍረኛል። እናቴ ወረቀታችሁን አልጋዋ ራስጌ ለጥፋዋለች። የሁለቱ ልጆቿ ፎቶ እዚያ ግድግዳ ላይ ኖሮ አያውቅም። ጠዋት ሻይ ይዤላት ስገባ፣ «አየኸው አማችህን? እንዲህ ነው እንጂ ለሰው መድረስ!» አለችኝ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ከማዘጋጃ ቤት ስመለስ «ዛሬም ሥራ ፈተህ ዋልክ?» ስትለኝ የኖረች እናት ናት። ሻይውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ቅናት ነው የምትሉ አትጠፉም። አዎን፣ ቅናት ነው። እንጨት ስልግ፣ ሚስማር ስመታ፣ ፊቱ ድቅን ይልብኛል። ሳቁን እንኳ ቀንቼበታለሁ። ሐሙስ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያዘጋጃችሁት የትውውቅ ስብሰባ ላይ የመጣሁትም፣ እንዳልዋሻችሁ፣ ሲዋረድ ለማየት ነበር። የኋላውን አግዳሚ ያዝኩ።

ምኞቴም ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አዋላጇ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና፣ «ልጄ፣ የመደገፊያው ብረት እታች ሳይደርስ ያልቃል፤ የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ ደረጃዎች ምን ይዤ ልውረድ? ለምንስ ነው የቀሩት?» ብለው ጠየቁት። አማቼ ጉሮሮውን ጠረገ። ወረቀቱን ገለበጠ። ውኃ ጠጣ። ከፊት የተቀመጠችው እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፤ እህቴ አንገቷን ደፋች። ከጎኑ የነበሩት ሊቀመንበራችሁም ጣሪያውን በጥሞና መመርመር ጀመሩ።

መልሱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የታችኛው ግንብ የጤና ጣቢያው እንጂ የማዘጋጃ ቤቱ ስላልሆነ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አንድ የፈቃድ ደብዳቤ መፈረም አለባቸው፤ ደብዳቤውም ተረቅቆ ኪሴ ውስጥ ነበር። ዝም ብል ኖሮ በዚያው ያከትምለት ነበር። ነገር ግን አዋላጇ እንደቆሙ ናቸው፤ ያ ዳሌያቸው እንደዚያ ብዙ መቆም አይችልም። ሳላስበው ተነሣሁና፣ «አማቼ ሊል የፈለገው...» ብዬ ጀመርኩ። ሁሉንም አስረዳሁ፤ ደብዳቤውንም እጅ በእጅ ወደ መድረክ አሳለፍኩ። አዳራሹ ወደ አማቼ ዞሮ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባው ለማን እንደሆነ እናንተው ከመድረክ ላይ ስላያችሁ አልደግመውም።

በማግስቱ አማቼ መድኃኒት ቤቱን ዘግቶ ወደ እንጨት ሥራ ቤቴ መጣ። የምቀመጥበትን ዱካ እንኳ አልሰጠሁትም፤ የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ቆመ።

«እኔ ዕጩ አድርጉኝ አላልኩም፤ ራሳቸው ናቸው የለመኑኝ። ስለ ደረጃው የጻፉትንም ያየሁት ከታተመ በኋላ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አላረምካቸውም?»

«ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ሲያመሰግነኝ ደስ አለኝ። እስከዛሬ የሚያስቆመኝ መድኃኒት ተወደደ ብሎ ሊሰድበኝ ነበር» አለና መሬት መሬት አየ።

የምሰድብበት ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ተውኩት። እኔም እኮ የፈለግኩት ያንኑ ነው። ዱካውን ገፋሁለት። ከዚያ ተያይዘን ወደ ጤና ጣቢያው ወረድን፤ ኃላፊው ቢሮ ደጃፍ ሁለት ሰዓት ተኮልኩለን ደብዳቤውን አስፈረምን። ቀጥሎም እናቴ ዘንድ ሄዶ፣ እኔ በር ላይ እንደቆምኩ፣ መደገፊያውን ማን እንዳሠራው ነገራት። እናቴ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችና፣ «ታዲያ አንተ ለምን ዝም አልክ?» ብላ የተቆጣችው እኔን ነው።

ስለዚህ እሱን እመርጠዋለሁ። ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ድምፅ መስጫው ክፍል ድረስ አብሮኝ ይገባል። ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያንን መስመር አርማችሁ ወረቀቱን እንደገና በየቤቱ አድሉ። የእኔን ፎቶ አታስገቡ፤ ስሜ ይበቃል።

ለሰጣችሁኝ ምክር፣ ላልሰጣችሁኝ ክብርና ፊቴን በተመለከተ ለተደረገልኝ ሙያዊ አስተያየት እጅ እየነሣሁ፣

በሥራ ጊዜ የምትፈልጉት፣ በፎቶ ጊዜ የምትረሱት
አናጺው

ማስታወሻ፦ ትናንት የተፎካካሪያችሁ ፓርቲ ሊቀመንበር የተሰበረ መስኮት ይዘው መጥተው ነበር። ስለካላቸው፣ በሚቀጥለው ጊዜ በእነሱ ወረቀት ላይ አንደኛ ሆኜ ብቀርብ ቅር ይለኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። አስብበታለሁ አልኳቸው። አላስብበትም፤ ግን እናንተም ጥቂት ቀን ቀንታችሁ እዩት።