እታለም ለነርሷ የመለሰችው መልስ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመህ አታንብበው፤ ባለቤትህንም ጠርተህ አጠገብህ አስቀምጣት። አስቀድመህ ልታውቀው የሚገባህ ነገር ይህ ነው፤ እህታችን እታለም ከእኛ ተለይታለች። የገደላት የልብ ሕመም ነው። እንዲህ ያለው ነገር በወረቀት እንደማይነገር አላጣሁትም። ግን እዚያ ድረስ ሄዶ የሚያረዳህ ዘመድ የለንም፤ ስልኩንም አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

አንተስ ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህና ልጆችህ እንዴት ከረሙ? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ? ስለ እኛ «ደህና ነን» ብዬ አልጽፍልህም፤ ያቺን ቃል ጠልቻታለሁ። ምክንያቱን ከመጀመሪያው በቅደም ተከተል ልንገርህ።

ባሏ ካረፈ ወዲህ እታለም ከልጇ ከሚጣ ጋር እኔ ቤት እንደምትኖር ታውቃለህ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ውኃ ቀድታ ስትመለስ በሩን ይዛ ትንፋሿን ትሰበስብ ነበር። በጀርባዋ መተኛት ስላቃታት ትራስ ደራርባ፣ ተቀምጣ ነበር የምታሸልበው። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ አለ። ከተማ ወስደን እናሳክማት ብንል ያን መንገድ የምትችል አልሆነችም። በዚህ መሀል የልብ ሐኪሞች መሣሪያቸውን ይዘው እኛው ጤና ጣቢያ ሊመጡ ነው ተባለ። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ሰፈር ታይቶም አያውቅም። የተሰማኝን ደስታ ምን ብዬ ልንገርህ!

በቀኑ ጎረቤቶች በቃሬዛ አደረሱልን። እሷ ግን «ሰው ፊት ተሸክማችሁ አታስገቡኝ» ብላ በሩ ላይ ወረደች። ማንም ሳይመጣ ሰልፍ ሳስይዛት «ጋሼ፣ አንተ እኮ ሞት ቢመጣም ተራህን ጠብቅ ትለዋለህ» ብላ አሳቀችኝ።

ከዚያ ሕዝቡ ጎረፈ። ነርሷ በሽተኛውን ለብቻው እየጠየቀች የባሰበትን ታስቀድም ነበርና እኔ አጥሩ ጥግ ቆሜ ጠበቅሁ። እታለም ፈገግ ብላ ተመለሰች። ምን እንዳለቻት ብጠይቃት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን አልኳታ! እናቴ እያለች አክብራ ስትጠይቀኝ ሕመሜን ልዘርግፍባት እንዴ? ደግሞ ከኋላዬ ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች» አለችኝ። ለካስ በዚህ መልሷ ከመጨረሻዎቹ ጋር ቆጥረዋታል። ተራዋ ሲዘገይብኝ ገብቼ እውነቱን ስናገር ነርሷ ክው አለች። ነገር ግን መብራት ጠፍቶ መሣሪያው ቆሞ ነበርና «ነገ ከሁሉ ቀድማ ትግባ» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ለመሄድ ሻሿን እያሰረች ግድግዳውን ደገፍ አለች። በዚያው ቀረች፣ ወንድሜ።

ሐኪሞቹ ሰምተው ለቅሶ ደረሱን። አንዷ ሐኪም ሚጣ ቁና ቁና ስትተነፍስ አይታ በዚያው ቀን መረመረቻት። የሚጣም ልብ ተነክቷል። በልጅነት የሚመላለስ የቶንሲል ሕመም በጊዜው ካልታከመ የልብን በሮች እንደሚጎዳ አስረዳችኝ፤ የእናቷም ከዚያ ሳይመጣ አልቀረም። የልጅቷ ግን ገና ጅምሩ ነው። በየወሩ መርፌዋን ሳታቋርጥ ከተወጋች ሕመሙ እንዳይብስ ማድረግ ይቻላል አለችኝ። መርፌውን እዚህ ጤና ጣቢያም መስጠት ጀምረዋል። ችግሩ ክረምት ነው፤ ወንዙ ሲሞላ መድኃኒቱ አይደርስም። የልብ መመርመሪያውም ከሐኪሞቹ ጋር ተመልሷል፤ ሁልጊዜ የሚገኘው አንተ ባለህበት ከተማ ነው።

ስለዚህ ሚጣን ውሰድልኝ። እዚያ ትማር፣ እዚያ ትታከም። በዚህ ቤት የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ጋዜጣ የምታነብልኝ፣ ቃል ስትስት እንደ ድሮ ተማሪዎቼ ሳርማት «ጋሼ፣ ጡረታ ወጥተሃል እኮ» የምትለኝ እሷ ናት። ስትሄድ ቤቱ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ቢሆንም እዚህ ከምቀብራት እዚያ ሆና ብትናፍቀኝ ይሻለኛል።

ባለቤትህን እህቴ በርቺ በልልኝ፤ ሸክም እየጨመርኩባት እንደሆነ አልጠፋኝም። ትልቁን ልጅህንና መንትዮቹን ሳምልኝ። ሚጣ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች፤ ይህን መጠየቄን ግን ገና አልነገርኳትም። መንገዱ ሊዘጋ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። እወስዳታለሁ ወይም አልችልም ብለህ፣ እባክህ ቶሎ መልስልኝ።

ታላቅ ወንድምህ
ከአሮጌው ቤታችን፣ ግንቦት 21 ቀን