በነርስ ናፉላ ሲሚዩ አሟሟት ላይ የፈረምኩት ሐሰት

ጁላይ 20 ቀን 2020

ለሉኬንዞ ሆስፒታል የቦርድ ሰብሳቢ
ለክቡር ዶክተር ባራሳ
ሉኬንዞ፣ ምዕራብ ኬንያ

ጉዳዩ፦ በባልደረባዬ ሞት ላይ የሰጠሁት የምስክርነት ቃል ሐሰት በመሆኑ እንዲሰረዝ ስለማመልከት

1. እኔ አመልካች ከነርስ ናፉላ ሲሚዩ ጋር ከአንድ ኮሌጅ ተመርቀን፣ በሜይ ወር መጀመሪያ በአንድ ቀን ተቀጠርን። ነባሮቹ ነርሶች «አዲሶቹ ልጅ የላቸውም፣ እነሱ ይግቡ» ስላሉ በሁለተኛው ሳምንት የኮሮና ክፍል ተመደብን። ማስክ ስንጠይቅ «ስቶሩ ባዶ ነው» ይሉን ነበር። አንዱን እያጠብን ሳምንት እናደርገው ነበር።

2. ጁን 12 ቀን እንግዶች ሊጎበኙን መጡ። ባዶ የተባለው ስቶር ተከፈተ። እንግዶቹ አዲስ ማስክና ጋዋን ለብሰው በክፍሉ በር ላይ ፎቶ ተነሡ፤ አንድም ሰው ወደ ውስጥ አልገባም። ሲወጡ ሁሉንም ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። የነርሶች አለቃችን ሜትሮን ቼሮቲች «አውጡና አድርጉት፤ እነሱ እንደሆኑ ንጹሕ ሰዎች ናቸው» አሉን። ናፉላ የከንፈር ቀለም የነካውን ማስክ አንሥታ «ቢያንስ ቀለሙ ያምርብኛል» አለች። ሳቅን። አድርጋውም ወደ በሽተኞቹ ገባች።

3. ከጉብኝቱ በኋላ በአሥረኛው ቀን ናፉላ ታመመች። በሽተኛ ስታስታምም በነበረችበት ክፍል፣ ጁላይ 3 ቀን ጠዋት፣ እጇን እንደያዝኩ ሞተች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር።

4. በማግስቱ ሜትሮን የተዘጋጀ ወረቀት ሰጡኝ። ናፉላ በሽታው የያዛት ያለፈቃድ የዘመድ ቀብር ሄዳ ነው ይላል። ልጅቷ በሆስፒታሉ ግቢ ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል የምትኖር፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ከግቢ ያልወጣች ናት። ይህንኑ ብናገር «ልጄ፣ እሷ ሞታለች። አንቺ ግን ገና የሙከራ ጊዜሽን አልጨረስሽም» አሉኝ። ፈረምኩ። በነጋታው አንድ ሙሉ ካርቶን ማስክ ተሰጠኝ። አድርጌዋለሁም።

5. ወረቀቱ ለእናቷ ለማማ ናፉላ ተላከ። እሳቸውም ባለፈው ሳምንት ደውለው «ልጄ፣ የማን ቀብር ነው የሄደችው? ከእኛ ቤት የሞተ የለም» ብለው ጠየቁኝ። «መልሼ እደውላለሁ፣ ማማ» አልኳቸው።

ስለዚህ ፊርማዬ እንዲሰረዝ፣ የስቶሩ መዝገብ እንዲመረመር፣ ናፉላ በሥራ ላይ ሳለች እንደታመመች የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ለእናቷ እንዲላክ በትሕትና አመለክታለሁ። በሐሰት ለመመስከሬ የሚገባኝን ቅጣት እቀበላለሁ።

የቦርዱን ውሳኔ ሳልጠብቅ ትናንት ለማማ ናፉላ ደውዬ እውነቱን መናገሬን ክቡርነትዎ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «አንቺም ፈረምሽበት?» አሉኝ። «አዎ፣ ማማ» አልኩ። ስልኩን ዘጉት።

ለቦርዱ ካለኝ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ኤቨርሊን ናንጃላ
ነርስ፣ የኮሮና ክፍል