ስድስት ንድፍና አንድ ብርድ ልብስ

ሰኞ፣ ጥር 16 ቀን 1958

ሥራ አለቀ የሚባለው መቼ ነው? ሠሪው ደክሞት ሲቀመጥ? ወይስ አሠሪው አይቶ ሲረካ? ጠዋት አለቃዬ አቶ ተክለጊዮርጊስ «መቼ ታስረክበኛለህ?» ቢሉኝ «በቀኑ!» ብዬ ወጣሁ። ትልቅ መልስ... ውስጡ ግን ባዶ።

ደብረ ብርሃን ዛሬም ውርጭ ነች። ከኮሌጅ ከወጣሁ ስድስት ወሬ። ኩባንያው አምስት ፋብሪካ እያለው ወደዚህ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲልከኝ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ይሳቁ! እንደኔ ያለ ሥራ የያዘ ማን አለ? ካርድ እበሳለሁ። ቀዳዳ ካለ ድሩ ይነሳል፣ ከሌለ ይተኛል። ያ ብቻ! የሽመናው መኪና ካርዶቹን በተራ እያነበበ አበባውን ራሱ ያወጣል። ለመኪና ደብዳቤ እንደ መጻፍ ነው።

እስከ ዛሬ ካርዱ ከውጭ በመርከብ ነበር የሚመጣው። «እዚሁ እንሥራው» ያልኩት እኔው። ዋናው ሥራ አስኪያጅ ከአዲስ አበባ መጥተው ሊያዩ ነው። ከተሳካ የካርድ ክፍል ይቋቋማል። ካልተሳካ ነገሩ እዚያው ይቀራል፣ እኔም መጋዘን ገብቼ ጆንያ እቆጥራለሁ። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ጻፍኩ፦ ስድስት ንድፍ፣ ሰኞ የካቲት 14። አራት ሳምንት ሙሉ አለኝ!

ሐሙስ፣ ጥር 19

መኪናዋን የምታሠራው እትዬ ወለተሐና ንድፌን ገልብጣ አየችው። አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ።

«ኢንጂነር፣ ይኼ ማግ እዚህ ጋ ዘሎ የት ሊያርፍ ነው?»

«አሥራ ሁለት ድር አልፎ ይያዛል።»

«አሥራ ሁለት! የሕፃን ጣት ይገባበታል እኮ። ጣቱን ሲያወጣ ክሩን ይዞት ይወጣል።»

«በስሌቱ ልክ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያማ ስሌቱን ልበሰው!»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ፊቴ ጋለ። የበግ ፀጉር የኔን ስሌት አያውቅም ለማለት ነው? ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሦስተኛውን ንድፍ ጀመርኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 26

አራት ንድፍ ተበሳ! መኪና ላይ ግን አንዱም አልወጣም... ምን ቸገረኝ፣ ጊዜ አለ። ለአቶ ተክለጊዮርጊስ «ከግማሽ በላይ አልቋል» አልኳቸው። ደስ አላቸው።

ቅዳሜ፣ ጥር 28

ጉድ ሆንኩ።

አቶ ተክለጊዮርጊስ ስለ እንግዳው ምሳ ያማክሩኛል። «ሽሮውም ምስሩም ጥሩ ሆኖ ይሠራ። የጾሙ መግቢያ ዕለት ነውና» አሉ።

«የለም ጌታዬ፣ ጾሙ ከገባ በሳምንቱ ነው።»

«ምን በሳምንቱ? ሰኞ ነው የሚመጡት፣ የቅበላው ማግስት።»

ከዋናው ሥራ አስኪያጅ የመጣውን ደብዳቤ አወጣን። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 14። እኔ ደግሞ ፌብሩዋሪን የካቲት ብዬ አሥራ አራቷን እንዳለች ገልብጬ ግድግዳ ላይ ጽፌያለሁ! ሰኞ መሆኗን እንኳ በቀን መቁጠሪያ አይቼ ነበር። ሰኞ ነበረች... ልክ ሳምንት ዘግይታ! የፈረንጁ አሥራ አራት የኛ የካቲት ሰባት ነው። አራት ዓመት በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው!

ለሳቸው ምን አልኩ? «እውነትዎን ነው ጌታዬ» ብዬ ወጣሁ። ቀኑን መሳሳቴን አልተናገርኩም። ዘጠኝ ቀን ቀረኝ። ልንገራቸው? ወይስ እንቅልፍ አጥቼ ስድስቱንም ልጨርስ?

ሰኞ፣ ጥር 30

ነገርኳቸው። ቆሜ፣ ሳልቀመጥ። ቀኑን መሳሳቴን፣ መኪና ላይ የወጣ ንድፍ አለመኖሩን።

 መነጽራቸውን አወለቁ። «ስድስት ንድፍ አድርስ ያለህ ማነው?»

«...እኔ ነኝ።»

«ዋናው ሥራ አስኪያጅ ያሉትን ልንገርህ? እዚህ በተበሳ ካርድ፣ በአገራችን ሱፍ፣ ዓይናቸው እያየ የሚወጣ አንድ ብርድ ልብስ። አንድ! ይኼንን ካዩ አለቀ ይላሉ። ካላዩ መቶ ንድፍ በሣጥን ብትቆልፍ አልተጀመረም ነው የሚሉህ። ለምን መጥተህ አልጠየቅኸኝም?»

ለምን አልጠየቅኩም? የተማርኩ ስለመሰለኝ ነዋ።

«ከዛሬ ጀምሮ ከመውጣትህ በፊት ሁለት መስመር ጽፈህ ጠረጴዛዬ ላይ አኑር። ምን እንደሠራህ፣ ምን እንደሚያስፈራህ። የሚያስፈራህን ካልጻፍክ አላነበውም።»

አንዱን ንድፍ አስቀርቼ ሌላውን ሁሉ መደርደሪያ ላይ ወረወርኩት። እንዴት ቀለለኝ!

ረቡዕ፣ የካቲት 2

የመጀመሪያው ሙከራ። አርባኛው ካርድ ላይ ስንደርስ ማጉ ተንጠለጠለ፣ መወርወሪያው ያዘው፣ በጠሰው። እትዬ ወለተሐና መኪናዋን አቆመችና አንድ ጣቷን በጨርቁ ቀዳዳ አሳለፈች። ሴቶቹን አላሳቀችም። ጣቷን ብቻ እያወዛወዘች አየችኝ።

«በይ አሳይኝ» አልኳት።

«እንዲህማ በል!» በርጩማ ሳበችልኝ። አባቷ የበግ ፀጉር ባና ሸማኔ ነው አሉ። ከልጅነቷ ማግ ስታቀብል ነው ያደገችው። በየአራት ድሩ እንዲያዝ በጥፍሯ ወረቀቱ ላይ ጫረችልኝ። አበባው እንደሆነ ያው አበባ ነው፤ እንዲያውም አማረበት። አርባ አምስት ካርድ እንደ አዲስ በሳሁ። ጣቴ አብጧል።

ለአለቃዬ፦ «ሥራ፦ ንድፉ ታረመ። ፍርሃት፦ መብራት እንዳይጠፋ።»

ቅዳሜ፣ የካቲት 5

ሙሉውን አወጣን! ከዳር እስከ ዳር! አንዱ ማዕዘን ብቻ ትንሽ ጠመመ። ምክንያቱ ሁለት ካርድ ቦታ ተለዋውጠው ነው። ሁሉንም በቁጥር ጻፍኩባቸው። አንድ ቅጂም በሳሁ፣ ቢቀደድስ?

«ነገስ እንድገመው?» ብላት እትዬ ወለተሐና ሳቀች። «ነገማ ቅበላ ነው። አንተም ሥጋህን ብላ፣ ሁለት ወር ልትናፍቀው ነው።»

አለቃዬ ጀነሬተር አስጠግነዋል። ሁለቷ መስመር ተነብባለች ማለት ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 7

ዋናው ሥራ አስኪያጅ መጡ። አጭር ሰው፣ ትልቅ ካፖርት። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር... «መኪናው ይናገር» አሉ። መኪናው ጀመረ። ሠላሳ ካርድ ሳይሞላ መብራት ጠፋ! ልቤም አብሮ ጠፋ። ውጪ ጀነሬተሩ ሁለቴ አስነጥሶ ተነሳ። እትዬ ወለተሐና ካርዱን አንድ ወደ ኋላ መልሳ ቀጠለች።

አበባው ሲወጣ ሰውዬው ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በጨርቁ ጀርባ ላይ አስኬዱ። የሚገባበት አጡ።

«ማነው የሠራው?»

አለቃዬ ወደኔ አመለከቱ። «ካርዱን የበሳሁ እኔ ነኝ፣ ያረመችው እሷ ነች» አልኩ። እትዬ ወለተሐና በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«ካርድ ከውጭ ማዘዙ ይቁም» አሉ ለጸሐፊያቸው። «ክፍሉ ይቋቋም። ለሴትዮዋም ቦታ ይያዝ።» አበቃ! መኪናቸው ገና በር ሳይወጣ አቶ ተክለጊዮርጊስ ጀርባዬን መቱኝ፤ እስካሁን ያመኛል። ደስ የሚል ሕመም።

ዓርብ፣ የካቲት 11

ጠረጴዛዬን አወጣሁት። ከቢሮ ወደ ሽመናው አዳራሽ፣ እትዬ ወለተሐና ጎን። ጫጫታው ጆሮ ይበጥሳል፣ ግን ይጥመኛል። ሁለተኛውን ንድፍ ዛሬ እንደ አዲስ ሣልኩ። መብሻውን ላነሳ ብዬ... ተውኩት። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩና ሥሩ ይኼን ጻፍኩ፦

«ለመላው የሽመና ክፍል ሠራተኞች። ይህ ገና አልተበሳም። ማጉ የሚበጠስበት፣ ሱፉ የሚያስቸግርበት ቦታ የታያችሁ በእርሳስ አክብቡበት፤ እርሳሱ በክር ታስሯል። ማንበብና መጻፍ የማትችሉ ጠርታችሁ በጣታችሁ አሳዩኝ። እስከ ሐሙስ እጠብቃለሁ። እባካችሁ፣ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ።»